ሦስተኛው ፈረቃ

«አንድ ሰው ይበቃል» አለ መምህሩ፣
«በዚህ ልደት፣ ቅርብ ለምትሉት ንገሩ።
ሁለት አልልም፣ አንድ።» ወረቀት አደለ፣ ሰማያዊ ዳሩ፣
ኮከብ ያለበት፣ ከታች አራት ጥቅስ።
አጠፍኩና ከተትኩት በሽርጤ ኪስ፣
ከመቀሱ ጎን፣ ከክር መቋጠሪያው።
የገሃድ ማታ ነው፤ ሦስተኛው ፈረቃ ነው ተራው።

የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሌሊቱን ይጮኻል።
እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቃል ምን ይሠራል?
መቶ መኪና ባንዴ ሲያጓራ
አፍ ለማዛጋት ካልሆነ የለውም ሥራ።
እኛ ሸማኔዎቹ ግን አለን ሌላ ቋንቋ፦
ሁለት ጣት ሲነሣ፣ «ክር ተበጥሷል፣ ነይ፣ እጄ አልበቃ»፤
ግንባር ሲጠረግ፣ «አለቃው መጣ፣ ተነሺ»፤
መዳፍ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ፣ «ጋደም በዪ፣ እኔ አለሁ፣ አትሽሺ።»

ሉባባ ይመር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከጎኔ ቆማለች። እጆቿ ያውቃሉ
የኔን መኪና አመል፣ መቼ እንደሚያስነጥሰው።
በረመዳን፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትሰወር፣
ሁለቱንም መኪና እይዛለሁ እስክታፈጥር።
ይህችን ነው እንግዲህ የማመጣው፣ «አንድ ሰው።»

ከምሽቱ አራት ጀምሮ ልቤ ቃል ያሰናዳል፦
«ሉባባ፣ ስሚኝ እስቲ...» ክሩ ይበጠሳል።
«ሉባባ፣ ዛሬ ሌሊት...» መወርወሪያው ይዘላል።
«ሉባባ፣ መንገዱ አንድ ነው...» ጥጡ እየበነነ
ጉሮሮዬ ላይ አረፈ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ መነነ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ደወል እዚህ አይደርስም፤
ዓይኔ ግን የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው፣ አይመለስም።
ካህናቱ ገብተዋል፤ ከበሮው ወጥቷል ከቤቱ፤
ጧፉ ተለኩሷል፣ ከወንድ እስከ ሴቱ።

ሉባባ አየችኝ።
ከዚያ በፋብሪካው ቋንቋ የሌለ ምልክት ሠራች፦
በሁለት እጇ፣ ደረቷ ላይ፣ አየር አጣፋች፣
ነጠላ በመስቀለኛ የሚለብስ ሰው አስመስላ፤
በአገጯ በሩን አሳየችኝ። ቀጥላ
የኔን መኪና፣ የሷን መኪና፣ ከዚያም ራሷን ጠቁማ፣
«ሁለቱንም እኔ። ሂጂ» አለች በከንፈር፣ ድምፅ ሳታሰማ።

ሄድኩ። ስለ ሄድኩበት ብዙ አልናገርም።
ብርድ ነበር፤ ጧፌ አለቀ፤ እግሬ ደነዘዘ፤ አልተቀመጥኩም።
ቅዳሴው መሐል ላይ ግን፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን፣
እኔ የማየው በሁለት መኪና መሐል ስትሮጥ እሷን፣
እየዞረች ስትቋጥር የሷንና የኔን።

ሊነጋጋ ሲል ተመለስኩ። ጨርቄ ዐሥራ ስድስት ሜትር ወርዷል።
በጣቴ ዳበስኩት፤ አንድ እንከን የለውም።
የሷ ሁለት ቦታ ተበላሽቷል።

ከበሩ ወጣን። ጆሯችን ገና ይጮኻል፤
የየጎፍ ጫፍ ብርሃን ይዟል።
«ምን አሉ?» አለችኝ ሻርፗን እያጠበቀች።
እጄ ወደ ኪሴ ሄደች፤ ወረቀቱን ነካች፤ ተመለሰች።
ጥቅሶቹ ጠፉኝ። ያለኝን ብቻ ነገርኳት፦
«ማደሪያ አጡ። በር ሁሉ ተዘጋ። ምጧ ቀደማት።
ከከብት ጋራ ወለደች።»
                                ራሷን ነቀነቀች።
«እኛ ዘንድ የተምር ግንድ ይዛ ነው፣ ብቻዋን። ሞቷን ተመኘች።
እኔም የሑሴኔን ጊዜ እንደዚያው ብያለሁ» አለች።

ትንሽ ተራመድን።
ከዚያ ነገርኳት፣ ያ ልጅ ለእኔ ማን እንደሆነ።
አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ድምፄ ቀጠነ።
አልተቆጣች። «አሜን»ም አላለች። ቆማ ሰማችኝ።
«አውቃለሁ» አለች ኋላ፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት ከንፈርሽን አነባለሁ፤
ክር ሲበጠስብሽ ማንን እንደምትጠሪ አያለሁ።»
ባጃጅ መጣ። «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ተለየችኝ።

ሽርጤን ሳጥብ ረሳሁት፤ ወረቀቱ ሟሸሸ፤
ቀለሙ ኪሴ ላይ ተዘረጋ፣ ኮከቡ ሸሸ።

እሑድ መምህሩ ደብተሩን ገልጦ «ስንት ሰው?» አለ።
ሳላስበው፣ እጄ እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ሰቀለ።
ክር ተበጥሷል ማለቴ ነበር፤ ኑ፣ አብረን እንቋጥር።
«ሁለት!» አለ ደስ ብሎት። ጻፈ በመዝገቡ፣ ቁጥር።